ያለ ንብ ሰም የከንፈር ቅባት አሠራር፦ የሚረጋ፣ የማይሻክር፣ ኪስ ውስጥ የማይፈስ

ክረምቱ ወጥቶ ደረቁ የበጋ ነፋስ ሲመጣ ከንፈር ይሰነጠቃል። "ለምን ቤት ውስጥ አልሠራውም?" የሚባለውም ያኔ ነው። የንብ ሰም የማይስማማው ሰው አለ። ሽታውን የማይወድም አለ፤ ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ጨርሶ የማይቀባም አለ። ስለዚህ ብዙው ሰው የንብ ሰሙን ያወጣና ሌላ ነገር በቦታው ይጨምራል። ውጤቱ እንደ ሻማ የደረቀ፣ እንደ ዘይት የሚፈስ ወይም ከንፈር ላይ እንደ ስኳር የሚሻክር ቅባት ይሆናል።

እኔ ሦስቱንም ሠርቻለሁ። የገባኝ ደህና ሺአ በተር (ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ስብ) ካባከንኩ በኋላ ነው። ጥፋቴ የንብ ሰምን በሌላ ሰም እኩል በእኩል መተካቴ ነበር፤ ያውም በሾርባ ማንኪያ እየሰፈርኩ።

በነገራችን ላይ ቅባቱን ለዛሬ ማታ ብቻ ከፈለጋችሁት ቫዝሊን ተቀቡና ተኙ። የንብ ሰም የለውም፣ ከንፈርንም በደንብ ይሸፍናል። የራሳችሁን መሥራት የምትፈልጉ ግን ቀጥሉ።

በንብ ሰም ፋንታ ምን ይገባል?

የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። በእሱ ቦታ በብዛት ከሚገቡት የዕፅዋት ሰሞች ሁለቱ እነዚህ ናቸው።

*ካንደሊላ።* የሚቀልጠው ከ68 እስከ 73 ዲግሪ ነው። ከንብ ሰም በጣም ይጠነክራል፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ያገኛችሁት የአሠራር መመሪያ 12 ግራም የንብ ሰም ካለ እናንተ 6 ግራም ካንደሊላ ታደርጋላችሁ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ግማሹ ችግር ተፈታ።

*ካርናውባ።* ከ80 ዲግሪ በላይ ነው የሚቀልጠው፣ የበለጠም ይደርቃል። ለጀማሪ አልመክረውም። አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በውኃው ላይ የተቀመጠው ዕቃ ደግሞ ከውኃው ያነሰ ይሞቃል። ስለዚህ ካርናውባው ግማሹ ሳይቀልጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ሰው ይሰለቸውና በቀጥታ እሳት ላይ ያደርገዋል። ይህን አታድርጉ።

ካንደሊላ አገር ቤት በየሱቁ አይገኝም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ 100 ግራም ብቻ አስመጡ። በዚህ መመሪያ መጠን 16 ጊዜ ያሠራችኋል። ካላገኛችሁም ያለ ምንም ሰም የሚሠራ ሁለተኛ ቅመራ ከታች አለ።

አትሞክሯቸው

*ሻማ።* "ሰም ሰም ነው" ብሎ የሱቅ ሻማ የሚያቀልጥ ሰው አይጠፋም። ሻማው ለከንፈር የተሠራ አይደለም፤ ቀለምና ሽቶም ሊኖርበት ይችላል። ጧፍም አይሆንም፤ እሱማ ራሱ የንብ ሰም ነው!

*ቅቤ።* ለጋ ቅቤ ውኃና የወተት ትራፊ አለበት። ፀጉር ላይ አንድ ቀን ውሎ ይታጠባል፤ ዕቃ ውስጥ ለወራት ሲቀመጥ ግን ይበላሻል፣ ይሸታል። የተነጠረው ደግሞ ኮረሪማና አብሽ አብሽ የሚል ከንፈር ይሰጣችኋል።

*የኑግ ዘይት።* ለወጥ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ቶሎ ይበላሻል፣ ሽታውም ያይላል።

*ግሊሰሪን፣ ማርና የሎሚ ጭማቂ።* ግሊሰሪን በየፋርማሲው ስላለ ሰው ይጨምረዋል። ከዘይት ጋር አይዋሃድም፤ ከታች ይዘቅጣል ወይም ላዩ ላይ ጠብ ጠብ ብሎ ይወጣል። ማርም እንደዚያው ነው። የሎሚ ጭማቂ ደግሞ ውኃ ነው፤ ውኃ የገባበት ቅባት ይሻግታል።

*ከጓሮ የተለቀመ የጉሎ ፍሬ።* ይህ ቀልድ የለውም። የጉሎ ፍሬ ውስጥ ራይሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ አለ። ዘይቱን ተጣርቶ የታሸገውን ግዙ፤ ቤት ውስጥ ፍሬ አትውቀጡ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- እስከ 0.1 ግራም የሚለካ ትንሽ ሚዛን። ወርቅ ቤት የምታዩት ዓይነት ማለት ነው። የኩሽና ሚዛን 5 እና 6 ግራምን በትክክል አይለይም፤ እዚህ ደግሞ 1 ግራም ብዙ ነው።
- ሙቀት የሚችል ብርጭቆ ወይም ትንሽ የብረት ዕቃ። ለመቅዳት አፍ ቢኖረው ይሻላል።
- ብርጭቆውን የሚያስገባ ድስት ከነክዳኑ፣ ከታች የሚነጠፍ አሮጌ ጨርቅ።
- ሁለት የብረት ማንኪያ። አንዱን አሁኑኑ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት።
- 8 ያህል ባለ 5 ግራም ማሽከርከሪያ ዕቃ (እንደ ሊፕስቲክ ከታች ሲያሽከረክሩት ቅባቱ ወደ ላይ የሚወጣበት)፣ ወይም 4 ባለ 10 ግራም ክዳን ያለው ቆርቆሮ።
- ደረቅ ሶፍት፣ ላስቲክ፣ 70 በመቶ አልኮል።

ቅመራ ሀ፦ በካንደሊላ (40 ግራም)

- ካንደሊላ 6 ግራም
- ኮኮዋ በተር (የካካዎ ፍሬ ስብ) 8 ግራም
- ሺአ በተር 8 ግራም
- የኮኮናት ዘይት 6 ግራም
- የጉሎ ዘይት 12 ግራም

ይህ ለማሽከርከሪያ ዕቃ ነው። በጣት ከቆርቆሮ የምትቀቡት ከሆነ ካንደሊላውን ወደ 4 አውርዱ፣ የጉሎ ዘይቱን ወደ 14 አውጡ።

ድሬዳዋ፣ ሰመራ፣ ዱባይ ወይም ጅዳ ያላችሁ የኮኮናት ዘይት 24 ዲግሪ ላይ እንደሚቀልጥ አትርሱ። እናንተ ጋ ቀኑን ሙሉ ፈሳሽ ነው። ካንደሊላ 7፣ ኮኮዋ በተር 10፣ ሺአ 8፣ ኮኮናት 2፣ ጉሎ 13 አድርጉ። እንዲያም ሆኖ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት።

ቅመራ ለ፦ ያለ ምንም ሰም (40 ግራም)

- ኮኮዋ በተር 20 ግራም
- ሺአ በተር 10 ግራም
- የኮኮናት ዘይት 4 ግራም
- የጉሎ ዘይት 6 ግራም

ይህ ለቆርቆሮ ብቻ ነው። ኮኮዋ በተር 34 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ስለሚጀምር ሱሪ ኪስ ውስጥ ይለሰልሳል። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ጎንደር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ግን ደህና ነው። ቆላ ላሉት አይሆንም።

ስለ ሺአው አንድ ነገር ልበል። የሺአ ዛፍ ጋምቤላ ይበቅላል። የምሥራቅ አፍሪካው ሺአ ከምዕራብ አፍሪካው ይልቅ ለስላሳ ነው። በእጃችሁ ያለው የጋምቤላ ከሆነ ከሺአው 2 ግራም ቀንሱና በኮኮዋ በተር ተኩት። አለበለዚያ "መመሪያውን ተከትዬ ፈሰሰብኝ" ማለታችሁ አይቀርም።

የጉሎ ዘይት ከንፈሩን የሚቆጣው ሰውም አለ። እንዲህ ከሆናችሁ የሰሊጥ ወይም የወይራ ዘይት ተጠቀሙ፤ ቀጠን ስለሚሉ ካንደሊላውን በግማሽ ግራም ጨምሩ። ጉሎን በቫዝሊን ማለስለስ ግን አትሞክሩ፤ ሁለቱ በደንብ አይዋሃዱም።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን እጠቡ፣ ከዚያ አድርቁ

በሳሙና እጠቡ፣ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ፣ በአልኮል ጥረጉ። ከዚያ ቢያንስ 1 ሰዓት ተዉት። የማሽከርከሪያው ዕቃ ጥርሱ ውስጥ ውኃ ይደብቃል፤ ደፍታችሁ አራግፉት።

ይህ ቅባት መከላከያ ኬሚካል የማያስፈልገው ውኃ ስለሌለበት ብቻ ነው። አንድ ጠብታ ከገባ ያ ነገር አበቃ። እጃችሁም ደረቅ ይሁን።

ደረጃ 2፦ ሁሉንም በግራም መዝኑ

እሳቱን ከመለኮሳችሁ በፊት አምስቱንም መዝናችሁ ለየብቻ አስቀምጡ። የጉሎ ዘይቱን በቀጥታ ማቅለጫው ብርጭቆ ውስጥ መዝኑት፤ ወፍራም ስለሆነ ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ሲገለበጥ አንድ ሁለት ግራም ተጣብቆ ይቀራል።

በማንኪያ አትስፈሩ። ካንደሊላ በቅርፊት፣ በእንክብልና በዱቄት መልክ ይመጣል፤ የአንዱ ማንኪያ ክብደት ከሌላው አይገናኝም።

ደረጃ 3፦ ሰሙን ከጉሎ ዘይቱ ጋር አቅልጡ

ድስቱ ውስጥ ጨርቁን አንጥፉ፣ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውኃ አድርጉ። ብርጭቆውን አስገቡ፣ ካንደሊላውን ዘይቱ ላይ ጨምሩ። ውኃው ቀስ ብሎ ይፍላ እንጂ አይንተክተክ፤ ከተንተከተከ ወደ ብርጭቆው ይረጫል።

ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል። አልፎ አልፎ አማስሉ። ወደ ብርሃን አድርጋችሁ ስታዩት አንድም ደብዛዛ ቅንጣት መኖር የለበትም።

*ማስጠንቀቂያ፦* ሰምና ዘይት በቀጥታ እሳት ላይ አታቅልጡ። ድንገት እሳት ከያዘው ውኃ አትድፉበት፤ እሳቱን አጥፉና ድስቱን ክደኑት። ልጆች ካሉ ኩሽናው ውስጥ አይኑሩ።

መብራት ቢጠፋስ? ምንም አይደል። ብርጭቆውን ከድስቱ አውጡ፣ ውጪውን ጥረጉ፣ ክደኑና ተዉት። መብራቱ ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥላል። ድስቱ ውስጥ አትተዉት፤ እንፋሎቱ ተመልሶ ውኃ ይሆንና ይንጠባጠብበታል።

ደረጃ 4፦ በተሮቹን ጨምሩ

መጀመሪያ ኮኮዋ በተሩን፣ ቀጥሎ የኮኮናት ዘይቱን፣ በመጨረሻ ሺአውን። በትንሽ በትንሹ ቆራርጣችሁ አስገቡ። ቀዝቃዛ ነገር ሲገባበት ሰሙ ነጭ ጓል ይሠራል። አትደንግጡ፣ አታውጡትም፤ ጠብቁ፣ ተመልሶ ይቀልጣል።

ሁሉም እንደ ሻይ ጥርት ካለ በኋላ 5 ደቂቃ ጨምሩለት። ሺአው የቀለጠ መስሎ የማይታይ ቅንጣት ከቀረበት ነገ የሚሻክረው እሱ ነው።

*ቅመራ ለ* የምትሠሩ ከደረጃ 3 የድስቱን አዘገጃጀትና ማስጠንቀቂያውን ብቻ ወስዳችሁ ከዚህ ጀምሩ። መጀመሪያ ኮኮዋ በተሩን ከጉሎ ዘይቱ ጋር ነው።

ደረጃ 5፦ የቀዝቃዛ ማንኪያ ፈተና

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። እኔም እዘለው ነበር።

ከፍሪዘር ያወጣችሁትን ማንኪያ በሶፍት ጥረጉ፤ ላዩ ላይ ጤዛ አለ። ከብርጭቆው ጥቂት ጠብታ አድርጉበት። 2 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከዚያ 5 ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ይቆይ። ገና ቀዝቃዛ እያለ አትፍረዱ፤ ቅዝቃዜ ሁሉን ነገር ጠንካራ ያስመስለዋል። አሁን በጣታችሁ እሹት፣ እጃችሁ ጀርባ ላይም ቅቡት።

- ጣት ሳይጫኑት የሚሰምጥበት ከሆነ ለስላሳ ነው፤ 0.5 ግራም ካንደሊላ ጨምሩ። ለቅመራ ለ 2 ግራም ኮኮዋ በተር።
- ቆዳን የሚጎትት ወይም የሚፈረፈር ከሆነ ደርቋል፤ 2 ግራም የጉሎ ዘይት ጨምሩ።
- ላዩ ጠንካራ ሆኖ ሲታሽ ወዲያው የሚቀልጥ ከሆነ ልክ ነው።

ካስተካከላችሁ በኋላ ደግማችሁ ፈትኑ። የጨመራችሁትን ጻፉት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያ ትነሣላችሁ።

ደረጃ 6፦ ከእሳት አውርዱ፣ ሽታ ጨምሩ

ብርጭቆውን አውጡና መጀመሪያ ውጪውንና ታችውን በሶፍት ጥረጉ። ስትቀዱ ታቹ ላይ ያለው ውኃ ተንሸራቶ ዕቃችሁ ውስጥ ይገባል። በጣም የተለመደ ጥፋት ነው።

ከዚያ 4 ጠብታ ቫይታሚን ኢ። ዘይቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል፤ ሻጋታን ግን አይከላከልም።

ሽታ ከፈለጋችሁ ከ4 ጠብታ የማይበልጥ የናና ዘይት። ለትንንሽ ልጆች የምትሠሩት ከሆነ ምንም አትጨምሩ። የቀረፋ ዘይት ከንፈር ያቃጥላል። ተጨምቆ የተሠራ የሎሚ ዘይት ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል።

የኬክ ቫኒላ አይሆንም፤ ውኃና አልኮል ስለሆነ ከታች ይቀራል። የቀይ ሥር ጭማቂም ውኃ ነው፤ ዱቄቱም ዘይት ውስጥ አይሟሟም፣ ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል። ቀለም ያማራችሁ እያለቀ ያለ ሊፕስቲክ ቁራጭ አቅልጡበት። የብዙ ሊፕስቲክ መሠረት የንብ ሰም ስለሆነ ግን የምትሸሹት እሱን ከሆነ ጀርባውን አንብቡ።

ደረጃ 7፦ ሳትዘገዩ ቅዱ

ካንደሊላ ቶሎ ይረጋል። ማሽከርከሪያዎቹን እስከ ታች አውርዳችሁ በላስቲክ አንድ ላይ እሰሯቸው፤ አንዱ ሲወድቅ ሁሉንም ይዞ ይወድቃልና።

እያንዳንዱን ባንድ ጊዜ ሙሉ። ግማሹን ቀድቶ መመለስ ሁለት ሽፋን ይሠራል፣ ኋላ መሐሉ ላይ ይሰበራል። ከአፉ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቁም፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። የተረፈችዋን አትድፏት።

ብርጭቆው ጠርዝ ላይ መርጋት ከጀመረ ለ2 ደቂቃ ወደ ድስቱ መልሱት። በግድ አትቅዱ።

ደረጃ 8፦ ፍሪጅ፣ ከዚያ አንድ ቀን

10 ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ካቆያችሁ በኋላ ሳትከድኑ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ፤ ለ30 ደቂቃ። ትኩስ እያለ ከከደናችሁት ክዳኑ ላይ ጤዛ ይይዛል።

ፍሪጁ ለውበት አይደለም። ሺአ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ከፊሉ ቀድሞ ይረጋና ቅንጣት ይሠራል፤ ያ ነው የሚሻክረው። ቶሎ ሲቀዘቅዝ ለስላሳ ይሆናል። ፍሪዘር ግን አታስገቡ፤ በካንደሊላ የተሠራው ይሰነጠቃል።

ስታወጡ ጤዛ ካለ በሶፍት ጥረጉ፣ ሲደርቅ ክደኑ። ካንደሊላ እስከ 24 ሰዓት ድረስ መጠንከሩን ይቀጥላል። ዛሬ ማታ ለስላሳ ነው ብላችሁ መልሳችሁ አታቅልጡት፤ ነገ ፍረዱ።

ከንፈር ላይ ከመቀባታችሁ በፊት ክንድ ውስጥ በኩል ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። የለውዝና መሰል ነገሮች አለርጂ ያለበት ሰው ሺአን ሐኪም ሳይጠይቅ አይጠቀም።

ሲበላሽ

*ሻከረ።* አልተበላሸም፣ ሺአው ነው። ሁሉንም መልሳችሁ አቅልጡ፣ ጥርት ካለ በኋላ 10 ደቂቃ አቆዩት፣ ወዲያው ቀድታችሁ ፍሪጅ አስገቡ። ሽታው ስለሚተን 1 ጠብታ ብቻ ጨምሩ። ሁለቴ ቀልጦም የሚሻክር ከሆነ የገዛችሁት ሺአ ራሱ ከመጀመሪያው የሻከረ ነው፤ የተጣራውን ሞክሩ።

*መሐሉ ላይ ጉድጓድ ሠራ።* ያስቀራችኋትን አቅልጣችሁ ሙሉበት። ጉድጓዱ በጣም ጥልቅ ከሆነ ግን ላዩን ብቻ መሸፈን አይበቃም፤ ከመሐል ይሰበራል። አውጥታችሁ እንደ አዲስ አቅልጡት።

*ላዩ ላይ የዘይት ጠብታ ወጣ።* አላበው ማለት ነው። ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት፣ በተለይ መኪና ውስጥ፣ እንዲህ ይሆናል። ጥረጉና ተጠቀሙ። እየደጋገመ ካላበው በሚቀጥለው ጊዜ ከጉሎ ዘይቱ 2 ግራም ቀንሱና በሺአ ተኩት። ጠብታው ጣፋጭ ከሆነ ግን ማር ወይም ግሊሰሪን ጨምራችኋል፤ እሱ አይስተካከልም።

*ነጭ ነጭ ሸፈነው።* የቆየ ቸኮሌት ላይ የምታዩት ዓይነት ነው፤ የኮኮዋ በተሩ ስብ ነው። ጉዳት የለውም። ጠጉር ያለው፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ግን ሻጋታ ነው፤ ሁሉንም ጣሉ። ላዩን ፍቆ መጠቀም የለም።

*ከማሽከርከሪያው ተነቅሎ ወጣ።* አንድም ዕቃው ስትቀዱበት እርጥብ ነበር፣ አለበለዚያ ቅባቱ ቀዝቅዞ ስለተቀዳ ከታች ያለውን ጥርስ አልያዘም። አቅልጣችሁ በደረቅ ዕቃ ትኩሱን ቅዱ።

*የቆየ ዘይት ሸተተ።* መድኃኒት የለውም። የገዛችሁት ዘይት አሮጌ ነበር ወይም ቅባቱ መስኮት ዳር ተቀምጧል። በሚቀጥለው ጊዜ ከመመዘናችሁ በፊት እያንዳንዱን ዘይት አሽትቱ።

አቀማመጥ

ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ፣ መሳቢያ ውስጥ። ቀኑን ላዩ ላይ ጻፉ። ከ6 እስከ 8 ወር ይቆያል፤ ከዚያ በፊት ከሸተተ ቀኑን አትጠብቁ። ቆርቆሮውን በእርጥብ ጣት አትንኩ፣ ለጉንፋናም ጓደኛም አታውሱ።

ከንፈራችሁ ጥግ ላይ የተሰነጠቀው ሁለት ሳምንት ቀብታችሁለትም ካልዳነ ቅመራውን አትቀያይሩ። ሐኪም አሳዩት፤ ያ የድርቀት ላይሆን ይችላል።